ድንጋይ ይዤ ሞጣ የሄድሁበት ፍልሰታ

ከብቸና ሞጣ የግማሽ ቀን መንገድ ነው ይላሉ ሾፌሮች። ሾፌር ከመቼ ወዲህ ነው እውነት የተናገረ? እኔ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። ያመነታሁበት ከተቆጠረ ደግሞ ሰባት ዓመት ከሁለት ቀን። ይህን የጻፍሁት ሞጣን አይታችሁ ለማታውቁና ለማየትም ሐሳብ ለሌላችሁ ነው። ብዙ አልቀረባችሁም። ጭቃው የእኛው ጭቃ ነው፤ ብርዱ ብቻ ይብሳል።

ፊደል የቆጠርሁት በአርባ ሦስት ዓመቴ ስለሆነ ጽሑፌ ይሻክራል። ወፍጮዬም ዱቄት ያሻክራል ይሉኛል ሴቶቹ። ሲበሉት ግን ኖረዋል።

መነሻው እንዲህ ነው። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ወፍጮ ቤቴ ውስጥ ራሴን አዞረኝና ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። ሐኪሙ ክንዴን በጨርቅ ጠቅልሎ እየነፋ ለካኝና ግፊትዎ በጣም ከፍ ብሏል፣ ስትረስ ይቀንሱ አለኝ። ስትረስ ምንድነው ብዬ ጠየቅሁት። የሚያናድድዎትን ነገር መተው ነው አለ። እኔን የሚያናድደኝ በቀን ሦስት ጊዜ የሚጠፋው መብራት፣ ወረፋ ላይ የሚናከሱት ሴቶች፣ ጤፏን ከነጠጠሩ አምጥታ ዱቄቱ ሲንኮሻኮሽ ወፍጮህ ነው የምትለኝ ደንበኛ፣ በጠቅላላው ብቸና ነው። እነዚህን ትቼ ምን ልብላ?

ከሐኪሙ ተነሥቼ የነፍስ አባታችን ቄስ ሞገስ ዘንድ ሄድሁ። የሚሉኝን አውቀው ነበር። በእኛ አገር ጭንቅ ላለበት ሰው ሁሉ የሚሰጠው መድኃኒት አንድ ነው፤ «ጸልይ፣ እሱ ያውቃል» ይባላል። ጥርሱን ላመመውም፣ በሬው ለሞተበትም ያው ነው። ከዚያ የመከረው ሰውዬ ጋቢውን ሰብስቦ ወደ ቤቱ ይገባል፤ አንተ ከነጥርስህ ትቀራለህ። ቄስ ሞገስ ግን እንዲህ በቀላሉ አልለቀቁኝም። ሁለት ነገር አዘዙኝ።

አንደኛው፣ ንዴት ሲመጣብኝ በጣቶቼ አንጓ እየቆጠርሁ አርባ አንድ ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እንድል ነው። በመካከል ሰው ከሰደብሁ እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ። ባለቤቴ ይመኙሻል ይህን ስትሰማ፣ «አንተ ሰውዬ፣ አራት ብትደርስ ስለት አለብኝ» አለች።

ሁለተኛው ይከብዳል። ድንጋይ ተሸክሜ ሞጣ እንድሄድ፣ የኔታ ጥበቡ እግር ላይ እንድወድቅ አዘዙኝ። በእኛ ዘንድ የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው አድርጎ በተበደለው ፊት ይወድቃል፤ ተነሥ እስኪባል አይነሣም። የኔታ ይቅር ካላሉኝ ቁርባን የለም። ለእኔ ባይኖር ግድ አልነበረኝም። ይመኙሻል ግን ሠላሳ ዓመት ስትኖር ወርቅ ለምናኝ አታውቅም፣ ቀሚስ ለምናኝ አታውቅም። የለመነችኝ አንድ ነገር ነው፤ አብረን እንድንቆርብ። ባልና ሚስት አንድ ላይ ነው የሚቆርቡት፤ እኔ ከቀረሁ እሷም ቀረች። ዘንድሮ በፍልሰታ መፈቻ እሺ ብያት ነበር። ቄስ ሞገስ ይህን እያወቁ ነው በሩን የዘጉት።

የኔታ ጥበቡን ምን እንዳደረግኋቸው ልንገራችሁ፤ ካልነገርሁ ጉዞው አይገባችሁም። የኔታ የቅኔ መምህር ነበሩ። እህላቸው እስኪፈጭ ወፍጮ ቤቴ በር ላይ ባለችው የወፍጮ ድንጋይ ስባሪ ላይ ይቀመጣሉ። ልጄ አንዷለም በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ነበር። የሄደው በወፍጮው ቺንጋ፣ በጎማ ቀበቶው፣ ከገረፍሁት በኋላ ነው። ስልክ አይደውልም፣ የቤቱ ስልክ እኔ ኪስ ውስጥ ስለሆነ። በሾፌር እጅ ደብዳቤ ይልካል፤ የኔታ እዚያችው ድንጋይ ላይ ሆነው ለእኔና ለእናቱ ያነቡልናል። ዘጠኝ ደብዳቤ መጣ። ዘጠኙም «አባቴ ሆይ፣ ጉልበትህን ስሜ» ብሎ ነው የሚጀምረው። እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ ልጅ እንዲህ ተገርፎ ነው የሚያድግ እያልሁ ለገበያተኛው ሁሉ አወራ ነበር።

በኋላ እኒሁ የኔታ እኔኑ ፊደል አስቆጠሩኝ። አንድ ዓመት ፈጀባቸው። ማንበብ እንደቻልሁ ሳጥን ከፍቼ ዘጠኙን ደብዳቤ አወጣሁ። ጉልበት የሚባል ነገር አንዱም ውስጥ የለም። ያለው «ለእናቴ ብቻ አንብቡላት፤ የአባቴን ስም አታንሡብኝ፤ ጀርባዬ አልረሳውም» የሚል ነው።

በማግሥቱ እሑድ ነበር። ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሳለ፣ ይህ ሰውዬ ደጋሚ ነው፣ በዓይናችን ፊት በአስማት ጽሑፍ የሚለውጥ ነው ብዬ ጮኽሁ። ለቤተ ክርስቲያን መምህር ደጋሚ የሚባል ስም እንደ ጥላሸት ነው፤ ቢታጠብም አይለቅም። ሰው ለተማሪዎቻቸው ቁራሽ መስጠት አቆመ። በወሩ ተማሪዎቹ ተበተኑ፤ እሳቸውም ወደ ሞጣ ተሰደዱ። እኔ እፎይ አልሁ። ይህንኑ እፎይታ ነው በሰባት ዓመቱ ሐኪሙ በጨርቅ የለካው።

አንደኛ ቀን

ይመኙሻል ድንጋዩን እዚያው ሞጣ ደርሰህ ታነሣለህ ብላኝ ነበር። የሰው አገር ድንጋይ ተውሼ ይቅርታ መለመን ግን ልመና በልመና ላይ መሰለኝ። የወፍጮ ቤቴ በር ላይ ያለችውን ስባሪ አነሣሁ። ስለቀረበችኝ ነው ያነሣኋት፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። በራሴ ሚዛን አሥራ አራት ኪሎ መዘነች። በማዳበሪያ ከትቼ አፉን በሲባጎ አሰርሁት። ይመኙሻል ስንቅ ቋጠረችልኝ፤ ዳቦ ቆሎና አንድ ትእዛዝ። ይቅር ሳይሉህ እንዳትመለስ አለችኝ።

የሚኒባሱ ሾፌር መስታወቱ ላይ «አትፍራ» የሚል ጥቅስ ለጥፏል። አነዳዱን ላየ ሰው ጥቅሱ ለተሳፋሪው እንደተጻፈ ይገባዋል። ከብቸና ሳንወጣ ቁጥሬን ጀመርሁ። ዘጠኝ ስደርስ ረዳቱ የሰው ሽንኩርት ጭኔ ላይ ጫነብኝ። የረዳቱን ዘር ማንዘር አነሣሁና ከአንድ ጀመርሁ።

አጠገቤ የተቀመጠው ኮት የለበሰ ጎልማሳ ነው። ደብረ ወርቅ ላይ ስለ ስትረስ በክርስትና ዓይን ሥልጠና ሊሰጥ እንደሚሄድ ነገረኝ። ሰርተፍኬትም አለው፤ በላስቲክ የተለበጠ፣ አውጥቶ አሳየኝ። ችግሬን ሳልነግረው መልሱን ነገረኝ። ሸክምዎን ለእግዚአብሔር ይስጡ፣ ሰው የሚታመመው ሸክሙን ሙጥኝ ስለሚል ነው አለ። መልካም ነገር ነው። ቀጥሎ ግን ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ፋዘር፣ ይህ ማዳበሪያ እግሬን እየተጫነኝ ነው፤ ወዲያ ቢያደርጉልኝ» አለኝ። አሥራ አራት ኪሎ እግሩ ላይ ቢያርፍ ጊዜ እግዚአብሔርን ሳይሆን እኔን ጠራ።

ደብረ ወርቅ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን መኪናው ጭቃ ውስጥ እስከ ሆዱ ገባ። ዝናቡም በዚያው ያዘ። ሁላችንም ወርደን ገፋን። አሠልጣኙ ብቻ ጫማዬ ይበላሻል ብሎ ቀረ፤ ስልኩን ወደ ሰማይ እያነሣ ኔትወርክ ይፈልጋል። ኔትወርክ ከጠፋ ስንት ጊዜው። ሥልጠናው ሊያልፍበት ሆነና ሾፌሩን አፈር ድሜ አስጋጠው፤ ሾፌሩም መለሰለት፤ አንገት ለአንገት እስከመያያዝ ደረሱ። እኔ ዳር ላይ ድንጋዬ ላይ ተቀምጬ አየኋቸው። እውነቱን ልናገርና ከብቸና ከወጣሁ ደስ ያለኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሃያ ሦስት ድረስ ቆጠርሁ። ከዚያ አሠልጣኙን አንዲት ቃል ተናገርሁትና ከአንድ።

መኪናው እዚያው አደረ። እኔ ድንጋዬን ተሸክሜ በእግሬ ደብረ ወርቅ ገባሁ። ከተማው ዳር ላይ አንዲት ባልቴት በሯ ላይ ቆማ አየችኝና፣ አንቱ ሰው፣ ነፍስ አይደለም ወይ ያለው፣ ግቡ እንጂ አለችኝ። እትዬ ጥሩነሽ ትባላለች። ስሜን ሳትጠይቅ እግሬን በሙቅ ውኃ አጠበችኝ። ብቸና ቢሆን መጀመሪያ የማን ዘመድ እንደሆንህ፣ ቀጥሎ ለምን እንደመጣህ ትጠየቃለህ፣ ከዚያ ውኃው ቀዝቅዞ ነው የምትታጠበው።

ጾም ነውና በሽሮና በጎመን እንጀራ አቀረበችልኝ። እንጀራው ጠቆር ያለ ነው። እኔ ምላሴን መያዝ መቼ አውቅና፣ በእኛ አገር ጤፉ ወተት ነው አልኋት። ማዳበሪያውን ገላመጠችው። ምን እንደሆነ ነግሬያት ነበር።

«ነጭ ጤፍ የሚበላ ሰው ድንጋይ ይዞ ይዞራል እንዴ? እኛስ ጥቁሩን በልተን እጃችንን አወዛውዘን ነው የምንሄድ» አለች።

ከበላሁ በኋላ ሥዕለ ማርያም ፊት ቆማ መናገር ጀመረች። ጸሎት መስሎኝ ኮፍያዬን አወለቅሁ። ጸሎት አይደለም፣ ወሬ ነው። የጎረቤቷ ላም ጎመኗን እንደበላባት፣ ወንድ ልጇ የት እንዳለ እንዳልታወቀ፣ ጣራው በየት በኩል እንደሚያፈስ፣ እኔም ክፉ ሽማግሌ እንደምመስል ግን ለእሷው አደራ እንደሰጠችኝ፣ አንድ በአንድ ነገረቻት። ስትጨርስ ነጠላዋን አራግፋ ጋደም አለች። ይህ ሁሉ ችግር እያለ እንቅልፍ እንዴት ይወስድሻል ብዬ ጠየቅኋት።

«እኔ ቀኑን ሙሉ አሰብሁበት። አሁን የእሷ ተራ ነው» አለችኝ።

ወዲያው አንኮራፋች። ልስቅባት ፈልጌ ነበር። ቀናሁባት።

ሁለተኛ ቀን

መኪናው በትራክተር ተጎትቶ ወጣ። እትዬ ጥሩነሽ ለመንገዴ ድንች ቀቅላ በነጠላ ጫፍ ቋጠረችልኝ። ግንደወይን ላይ አሠልጣኙ በነበረበት ወንበር ላይ ሰይድ የሚባል የሞጣ ነጋዴ ገባ፤ ከገበያ ጨርቅ ጭኖ ይመለሳል። ማዳበሪያዬ ላይ እግሩን አሳረፈ፤ አልተማረረም። ምን እንደሆነ ሲሰማ ግን እስኪያስለው ሳቀ።

«አያ፣ ለእናንተ ይቅርታ በኪሎ ነው እንዴ? እኛስ እጅ ጨብጠን እንጨርሳለን። ደግሞ ሞጣ ድንጋይ ጠፍቶ ነው ከብቸና የጫኑት?»

የማይጻፍ ነገር መለስሁለትና ከአንድ ጀመርሁ።

ከግንደወይን አለፍ እንዳልን ፍተሻ ነበረ። መሣሪያ የያዙ ሰዎች አወረዱንና ዕቃችንን አስፈቱን። ወጣቱ ፈታሽ ማዳበሪያዬን ዳሰሰ፤ ፊቱ ተለወጠ፤ ራቅ ብሎ አንተው ፍታው አለኝ። ፈታሁት። ድንጋይ ነው። ለምን ድንጋይ ትጭናለህ አለኝ። ይቅርታ ልጠይቅበት ነው አልሁት። እየተጫወትሁበት መሰለውና አለቃውን ጠራ። ሰይድ ሊያስረዳ ቢሞክር አንተ ዝም በል ተባለ። እኔም ከንዴቴ የተነሣ ቁጥሬን ጮክ ብዬ ነበር የምቆጥረው፤ ይህ ደግሞ ነገሩን አላቀለለውም።

አለቃው ጸጉሩ የሸበተ ነው። ድንጋዩን አንሥቶ በገዛ ጫንቃው ላይ አደረገው። እንደዚያው ትንሽ ቆመ።

«ይከብዳል። ሰውዬው በሕይወት አሉ?» አለኝ።

አሉ አልሁት።

«እንግዲያ ፍጠን። እኔም የምሸከምለት ሰው ነበረኝ፤ ቀደመኝ።»

ድንጋዩን ራሱ ማዳበሪያው ውስጥ መልሶ፣ ራሱ አሰረልኝ። የእሱ አስተሳሰር ከእኔ ይሻላል፤ ሞጣ ድረስ አልተፈታም።

ሞጣ ከሰዓት በኋላ ደረስን። ከብቸና ሰፋ ትላለች። ገበያዋ ሞቅ ያለ ነው፣ ንፋሷም አጥንት ይቆጥራል። አልቤርጎ ልፈልግ ስል ሰይድ ማዳበሪያዬን ከትከሻዬ ነጥቆ ወደ ቤቱ ሄደ። ዕቃዬን ይዞ ስለሄደ ተከተልሁት። ሚስቱ የፍልሰታ ጾመኛ መሆኔን ስትሰማ፣ አዲስ ድስት አውጥታ፣ ቅቤ ነክቶት የማያውቅ ድስት መሆኑን ምላ፣ ምስር ሠራችልኝ። እኔ እቤቴ የመጣን እስላም እንዲህ አስተናግጄ አውቃለሁ ወይ ብዬ አሰብሁ። አላውቅም። ምስሩ ደግሞ ከይመኙሻል ምስር ይጣፍጥ ነበር፤ ይህን አታንብቡላት።

ሦስተኛ ቀን

ጠዋት ልወጣ ስል ሰይድ አንድ የታሸገ ደብዳቤ ሰጠኝ። ግንደወይን ገበያ ላይ አንድ ገበሬ ለየኔታ ጥበቡ አድርስልኝ ብሎት ነው። ስልኩ ከጠፋ ወዲህ ሰው ሁሉ ወደ ደብዳቤ ተመልሷል። ሰይድ፣ ከሄዱ አይቀር ይህንንም ያድርሱ፣ ከድንጋዩስ ይቀላል አለኝ። ተሳስቶ ነበር።

የኔታ ከጊዮርጊስ በታች፣ በአንዲት የሣር ጎጆ ነው ያሉት። ተማሪ ሦስት አላቸው፤ ሦስቱም ቁራሽ ሊለምኑ ወጥተዋል። ብቸና ሳሉ ሃያ ነበሯቸው። እሳቸው በጎጆዋ በር ላይ መሬቱን በጆንያ ሸፍነው ተቀምጠዋል። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ድንጋዩን በጫንቃዬ አድርጌ ቀረብሁ፤ ያጠናሁት ብዙ ቃል ነበር፣ ጭቃው አዳልጦኝ ሳልፈልግ ወደቅሁ። እንዲያውም ወግ ደረሰልኝ።

«ማነው?»

«የበደልሁዎት ነኝ፣ የኔታ። ዳምጤ ነኝ፣ የብቸናው ባለ ወፍጮ።»

 ፊቴ ጭቃ ውስጥ ነው። እጃቸውን ዘርግተው ራሴን የሚፈልጉ መስሎኝ ነበር፤ ድንጋዩን አገኙ። ዳሰሱት፤ በጠርዙ ላይ በአውራ ጣታቸው ሄዱበት።

«ይህችን አውቃታለሁ። በዚህ በኩል ትቆረቁራለች» አሉ። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉም። «አስቀምጣትና ተነሥ። ሌላውን ቀስ ብለን እናየዋለን። ምን የሚንኮሻኮሽ ነገር ይዘሃል?»

ደብዳቤው ነው። ተማሪዎቹ እስኪመጡ ምን አስጠበቀን፣ ፊደል እንደሁ አስተምሬሃለሁ፣ አንብብልኝ አሉኝ። ፖስታውን ቀደድሁት። ከእህታቸው ልጅ ነው። የመጀመሪያው መስመር ለእሳቸው አይደለም የተጻፈው። ቃሉ እንዲህ ይላል፦ «ለሚያነብላቸው ሰው። አደራ፣ በድንገት አይንገሯቸው። እናቴ ውድነሽ አርፋለች። ሰው ሰብስበው በወጉ ያርዷቸው።»

ውድነሽ ታላቅ እህታቸው ናት። እናታቸው በሕፃንነታቸው ስትሞት ያሳደገቻቸው እሷ ናት፤ ብቸና ሳሉ ስንት ጊዜ አንሥተውልኛል። መርዶ ደግሞ በወጉ ነው። በማለዳ፣ ሽማግሌና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ሰው ኖሮ ነው የሚነገር። ዓይነ ስውር ሽማግሌን ብቻውን በጎጆ በር ላይ አስቀምጦ ውሻ እንኳ አይነግርም። እኔ ግን ማነኝ? የተጻፈውን አላነበበም ብዬ ይህንኑ ሰው በሕዝብ ፊት ያዋረድሁ ነኝ።

«አንብብ እንጂ» አሉ።

አነበብሁ። ዝናቡ መልካም እንደሆነ አነበብሁ። ጤፉ እንደበቀለ፣ ላሟ እንደወለደች አነበብሁ። ወረቀቱ ላይ አንዱም የለም። «እህትዎ ውድነሽም ጉልበትዎን ስማለች» አልሁ። ከየት እንዳመጣሁት የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ድገመው አሉኝ። ደገምሁት፤ ላሟን ረስቼ ነበር፣ መጨረሻ ላይ ጨመርኋት። እጃቸውን ዘረጉ፣ ወረቀቱን ተቀብለው አጥፈው ብብታቸው ሥር ከተቱት።

«ነገ ማለዳ ናና ስለ ድንጋይህ እንነጋገራለን» ብለው ወደ ጎጇቸው ገቡ።

ከዚያ የሄድሁት በቀጥታ የጊዮርጊስ ካህናት ዘንድ ነው። ሁለት ሽማግሌዎች ለማለዳ ተቀጣጠሩልኝ። ሰይድም እመጣለሁ አለ፤ ድንጋዩን ቤቴ አሳድሬ እንዴት እቀራለሁ አለኝ። ይመኙሻልን አሰብሁ። ነገ የኔታ መዋሸቴን ያውቃሉ፤ በለቅሷቸው ላይ ደግሞ ያው ዳምጤ ይጨመራል። ይቅርታው እንዳለቀለት ቆጠርሁት።

አራተኛ ቀን

ጎህ ሲቀድ ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ ሰይድና እኔ ተከታትለን ሄድን። እኔ የመጨረሻው ነበርሁ። የኔታ በሩ ላይ ነበሩ። የእኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ጋቢያቸውን ለቅሶኛ እንደሚለብሰው አዘቅዝቀው ለብሰዋል።

ሽማግሌው ሊጀምሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የኔታ እጃቸውን አነሡ።

«አትድከሙ። ዳምጤ ትናንት አርድቶኛል።»

ሽማግሌዎቹ ዞረው አዩኝ። እኔ፣ አልነገርሁም፣ በማርያም አልነገርሁም አልሁ።

«ጨዋ ቃል ከአንተ አፍ ሰምቼ አውቃለሁ? ድምፅህ ሲለሰልስ ጊዜ ሰው እንደሞተ ገባኝ» አሉኝ። «ጉልበት ስማለች ስትል ደግሞ ማን እንደሞተ ገባኝ። ውድነሽ ታላቄ ናት፤ ጉልበቴን ስማ አታውቅም። ግንባሬን ነው የምትስም።»

ከዚያ አለቀሱ። እኛም አለቀስን። ሰይድ ከሁላችን ባሰ፤ የእኔን ዕንባ ግን ቁጥር ውስጥ አታስገቡት፣ የማንን እንዳለቀስሁ እንጃ። ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ንፍሮ መጣ። ንፍሯቸው ከእኛ ይልቅ ይጠነክራል። ቀትር ላይ ሰው ጋብ ሲል የኔታ ስሜን ጠሩ። አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥሁ።

«ለምን ዘለልኸው?»

«ብቻዎን ነበሩ» አልሁ።

«አንተም ብቻህን ነበርህ። ያኔ እንደ ተጻፈው ባነብልህ ልጁን ትረግመው ነበር። ከአፍ የወጣ እርግማን መልሶ ሲገባ አላየሁም።»

ምን እላለሁ? እረግመው ነበር። በቺንጋ የገረፈ አባት በእርግማን ይሰስታል?

እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ። እግዚአብሔር ይፍታህ አሉ። ደግሞም፣ «ለይመኙሻልም ሰላም በልልኝ፤ ትቁረብ» አሉ። እኔን ሳይሆን እሷን አነሡ፣ ልክ ናቸው።

ድንጋዩን ልመልሰው ይሆን ብዬ ጠየቅሁ። ጋቢያቸውን ሰብስበው ተደላደሉበት።

«ምኑን ነው የምትመልስ? ወንበሬ ነው። ሰባት ዓመት መሬት ላይ ተቀምጫለሁ።»

አምስተኛ ቀን

የተመለስሁት በዚያው በመጣሁበት ሚኒባስ ነው። «አትፍራ» አሁንም መስታወቱ ላይ አለ፣ አነዳዱም እንዳለ ነው። የሰይድ ሚስት ከምስሩ ቋጥራልኛለች። ደብረ ወርቅ ላይ እትዬ ጥሩነሽ መንገድ ዳር ወጥታ ጎመን ስትሸጥ አይታኝ በመስኮት፣ ባዶ እጅዎን ነዎት፣ እሰይ፣ ነግሬያት ነበር አለች። ለማን እንደነገረች ታውቃላችሁ።

እዚያው ያ አሠልጣኝ ተሳፈረ። ሥልጠናው አልፎበት ኖሮ ሦስት ቀን መኪና ሲጠብቅ ከርሟል። ፊቱ ከስቷል። አጠገቤ ተቀመጠና እግሬ ሥር ጎንበስ ብሎ ማዳበሪያውን ፈለገ።

«ሸክምዎን የት አደረሱት?»

«ለባለቤቱ ሰጠሁት» አልሁ። ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈው። በሚቀጥለው ሥልጠና ላይ ሊናገረው ነው፤ ይናገር። ከሰይድ ሚስት ምስር አካፈልሁት።

ከዚያ በኋላ መስኮቱን እያየሁ አንድ ነገር ሒሳብ ውስጥ ገባልኝ። ማንበብና መጻፍ ከቻልሁ ሰባት ዓመቴ ነው። ለአንዷለም አንዲት መስመር ጽፌለት አላውቅም። ብዕሩ ከድንጋዩ ይከብድ ይሆናል። በሚዛኔ እመዝነዋለሁ።

ብቸና ልንገባ ስንል ረዳቱ እንደ ልማዱ የሰው ሽንኩርት ጭኔ ላይ ጫነብኝ። ከንፈሬን ነከስሁና በአውራ ጣቴ አንጓዬን ያዝሁ። እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ፣ አንድ። ሾፌሩ ጉድጓድ ውስጥ አዘለለን፣ አሥራ ሰባት። ሽንኩርቱ ተፈትቶ እግሬ ሥር ተንከባለለ፣ ሃያ ዘጠኝ። የወፍጮ ቤቴ ጣራ ታየኝ፤ በሩ ላይ ድንጋዩ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው፣ እዚያው ላይ ይመኙሻል ቆማለች፤ ከሩቅ ፊቴን ትመረምራለች። ሠላሳ ስምንት። ማንንም አልሰደብሁም። አርባ አንድ።

ከአርባ አንድ በኋላ ምን እንደሚደረግ ቄስ ሞገስ አልነገሩኝም ነበር። እዚያ ይደርሳል ብለው አላሰቡም። እኔም ከአንድ ጀመርሁ።